ከዛፉ ላይ ማን አለ?

አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ሁሉ ድምፃቸውን ያውቃል። ጎህ ሲቀድ ሦስት አራት፣ አንዳንዴም ሃያ ሠላሳ ሆነው፣ አንዷ የጀመረችውን ሌላዋ እየተቀበለች፣ ሰፈሩን በጩኸት ሞልተው ከጣሪያ በላይ ያልፋሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅም እንዲሁ እየጮኹ ይመለሳሉ። ድምፃቸውን ለምደነዋል፤ ቀና ብሎ የሚያያቸው ግን ጥቂት ነው። እነዚህ ወፎች ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። ወፍ መመልከት የሚወዱ ሰዎች እነሱን ፍለጋ ከአውሮፓና ከአሜሪካ ድረስ ይመጣሉ፤ ብዙዎቹም የመጀመሪያዋን የሚያዩት ገና ሻንጣቸውን ሳይፈቱ፣ ባረፉበት ሆቴል ግቢ ሣር ላይ ነው።

ወፏ ጋጋኖ ከሚባሉት ወገን ናት። ከምንቃሯ እስከ ጭራዋ ከ65 እስከ 75 ሳንቲ ሜትር ትሆናለች። ከሩቅ ጥቁር ትመስላለች። ቀረብ ሲሏት ግን ጥቁር ቡናማው ላባ ላይ አረንጓዴ ያብለጨልጫል፣ ከጉሮሮዋ ሥር ቀጭን ቆዳ ተንጠልጥሎ ይታያል፣ ስትበር ደግሞ ክንፏ ላይ ሰፊ ነጭ ይወጣል። ዝናብ ካባራ በኋላ ሣር ላይ ምግቧን ስትፈልግ ዝም ብላችሁ ቆማችሁ እዩአት። ሁለት እርምጃ ትሄዳለች፣ ወደ ታች የቆለመመ ረጅም ምንቃሯን አፈር ውስጥ ትከታለች፣ ትንሽ ትጠብቃለች፣ ታወጣዋለች፣ ደግማ ሌላ ቦታ ትወጋለች። ድንገት አንገቷ ቀጥ ይላል፤ ምንቃሯ ጠለቅ ይልና አንድ ወፍራም ነጭ ትል ይዞ ይወጣል። ራሷን ወደ ኋላ ሰበቅ አድርጋ ወደ ጉሮሮዋ ትወረውረዋለች። ትሉን በዓይኗ አላየችውም። የዚህ ወገን ወፎች የምንቃር ጫፍ አጥንቱ በጥቃቅን ጉድጓዶች የተሞላ ነው፤ በየጉድጓዱ ውስጥ ንዝረት የሚለዩ የነርቭ ጫፎች ተሰግስገዋል። ትሉ ከአፈር ውስጥ ሲንቀሳቀስ የሚያነሳው ንዝረት ያሳብቅበታል።

ገጠር ውስጥ ጎጆዋን የምትሠራው ብዙ ጊዜ ገደል ላይ ነው፤ ከተማ ስትገባ ረጅም ዛፍም ሕንፃም ይበቃታል። ቀኑን የምትውለው ለስላሳ አፈር ባለበት ነው። በበጋ ሜዳው ደርቆ ሲሰነጣጠቅ፣ ውሃ የሚጠጣ የግቢ ሣር እንደለሰለሰ ይቆያል። ስለዚህ ጠዋት ከማደሪያዋ ወደ ሣሩ፣ ማታ ከሣሩ ወደ ማደሪያዋ ትመላለሳለች። የምንሰማው ጩኸት የዚህ ምልልስ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበላችሁ፤ የቀረው ሁሉ ከዚህ ይከተላልና። ወፍ አረንጓዴ ቀለም አይታ አትመጣም። የምትበላው፣ የምታድርበትና የምትፈለፍልበት ሲኖር ትመጣለች፤ ሲጠፋ ትሄዳለች። ሁለት ግቢ እኩል ለምለም ሆነው አንደኛው በወፍ ሲንጫጫ ሌላኛው ጭር የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ዛፉ ምን ዛፍ እንደሆነ፣ ዕድሜው ስንት እንደሆነ፣ ሣሩ መቼ እንደሚታጨድ ካወቃችሁ፣ ግቢው ውስጥ ማን ሊኖር እንደሚችል ገና ሳትገቡ መገመት ትችላላችሁ።

አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ነው። ወፎቿ ግን ከዚያ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቀድመው ተመዝግበዋል። ጀርመናዊው ተፈጥሮ አጥኚ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ሰሜኑን የአገራችንን ክፍል ዞሮ ወደ ፍራንክፈርት ከተመለሰ በኋላ ስም ካወጣላቸው ወፎች መካከል ይህችው ጋጋኖ፣ ወፍራም ምንቃር ያለው ቁራችን፣ ነጭ አንገትጌ ያላት እርግባችንና ቱራኮ የምትባለው ውብ ወፍ ይገኙበታል። አራቱም ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ይኖራሉ። ከተማዋ ናት ወደ እነሱ ሰፈር የመጣችው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ቦታ ላይ፣ ጀርባዋን ከ3,000 ሜትር በላይ ለሚወጣው እንጦጦ ሰጥታ ተቀመጠች። ይህ ደጋ ዙሪያውን በቆላ የታጠረ ስለሆነ፣ ብርድ የለመዱት ወፎቹ ቆላውን አቋርጠው ከሌላ ደጋ ዘመዶቻቸው ጋር ሳይቀላቀሉ እጅግ ረጅም ዘመን ኖረዋል። በዚህ መነጠል ነው የራሳቸውን መልክና ጠባይ የያዙት።

እርግቧን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ፣ ድልድይ ሥር፣ የድሮ ሕንፃ መስኮት ደፍ ላይ ተደርድራ ትውላለች። አመድማ ናት፤ ማጅራቷ ላይ ነጭ አንገትጌ አለ፣ ብድግ ስትል ደግሞ ክንፏ ላይ ነጭ ይታያል። በለንደንም በኒውዮርክም አደባባይ ላይ እህል የሚለቅሙት እርግቦች ሰው ካላመዳቸው የቤት እርግቦች የወረዱ ናቸው። እዚህ ያንን ቦታ በአብዛኛው የያዘችው የራሳችን ደጋ የዱር እርግብ ናት። ገደል ላይ መኖር ስለለመደች የድንጋይ ግንብ ባዕድ አልሆነባትም።

ቁራውም እንደዚሁ የእኛው ነው። ከቁራ ዘሮች በሙሉ በትልቅነቱ ከግንባር ቀደሞቹ ይመደባል፤ ርዝመቱ ከ60 ሳንቲ ሜትር ያልፋል። ማጅራቱ ላይ እንደተደፋ ወተት ያለ ነጭ ምልክት አለው። ምንቃሩ ከመወፈሩ የተነሣ ጭንቅላቱን ያሳነሰው ይመስላል። ምንቃሩን ምን ያደርግበታል ብላችሁ ከጠየቃችሁ፣ ከብት የዋለበት ቦታ ጠብቁት። እበቱን በምንቃሩ ግራና ቀኝ እየበተነ ውስጡ ያሉትን የጥንዚዛ ዕጮች ይለቅማል። ከተማ ውስጥ የቆሻሻ ገንዳ፣ የሥጋ ትራፊና የወደቀ ዳቦ ይጨመርለታል።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልውሰዳችሁ።

ትልልቅ የአገር በቀል ዛፎች ባሉበት የአዲስ አበባ ግቢ ውስጥ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ትበራለች ብላችሁ የምትገምቷት አንዲት ወፍ አለች፤ እሷ ግን እንደ ሽኮኮ ትሮጣለች። ቱራኮ ናት። ርዝመቷ 43 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሰውነቷ አረንጓዴ፣ ቁንጮዋ ጥቁር ሰማያዊ፣ የዓይኗ ዙሪያ ቀይ፣ ጉንጯ ላይ ደማቅ ነጭ አለ። ቅጠል መሐል ስትቀመጥ ፈጽማ ትሰወራለች። ከዚያ ሁለት ሦስት ጊዜ ሸካራ ድምፅ ታሰማና ወደ ሌላ ዛፍ ስትበር ክንፏ ይገለጣል፤ ደም የመሰለ ቀይ ነው። መጀመሪያ ያየ ሰው ሌላ ወፍ የወጣ ይመስለዋል።

ይህ ቀይ በውስጡ መዳብ አለበት። ቃል በቃል መዳብ፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚሠራበት ብረት። እንግሊዛዊው ኬሚስት አርተር ቸርች በ1869 (እ.ኤ.አ.) ከቱራኮ ላባ ላይ ቀለሙን ለይቶ ሲመረምረው መዳብ እንዳለበት አረጋገጠ። ቀለሙ እንደ ሳሙና ውሃ ባለ ደካማ አልካላይ ውስጥ ይሟሟል። በሌላ የወፍ ወገን ላይ እንዲህ ያለ ቀለም አልተገኘም። መዳቡን የምታገኘው ከምትበላው ፍሬ ነው፤ በየፍሬው ውስጥ ያለው ደግሞ ጥቂት በጣም ጥቂት ስለሆነ፣ ክንፏን ለማቅላት ብዙ ፍሬ መልቀም አለባት። አረንጓዴዋም ያው ልዩ ነው። በአብዛኞቹ አረንጓዴ ወፎች ላባ ላይ አረንጓዴ የሚባል ቀለም የለም፤ ቢጫ ቀለምና የላባው ጥቃቅን አሠራር የሚበትነው ሰማያዊ ብርሃን ተደራርበው ነው ለዓይናችን አረንጓዴ የሚመስሉት። የቱራኮ አረንጓዴ ግን እውነተኛ ቀለም ነው፤ እሱም መዳብ አለበት።

የዚህ ተቃራኒ ደግሞ እዚያው ግቢ፣ አበባው ላይ ታገኛላችሁ። የአበባ ማር የምትጠጣው፣ በተከዜ ወንዝ ስም የተሰየመችው ወፍ ወንዱ ጥላ ውስጥ ሲቀመጥ ጥቁር ነው። ጭራው መሐል ሁለት ረጃጅም ላባዎች ወጥተዋል፣ ምንቃሩ ቀጭንና ቆልማማ ነው። ወደ ፀሐይ ዞር ሲል ራሱ እንደ ነሐስ ይቀላል፣ ደረቱና ጀርባው ሐምራዊ ሆኖ ይነድዳል። አንድ ጣት ያህል ፈቀቅ ሲል ሁሉም ይጠፋና እንደገና ጥቁር ይሆናል። ላባው ላይ ሐምራዊ ቀለም ስለሌለ ነው። የላባው ጥቃቅን ሽፋኖች ተደራርበው አንዱን የብርሃን ክፍል ያንጸባርቃሉ፣ ሌላውን ያጠፋሉ፤ የምታዩትን ቀለም የሚወስነው እናንተ የቆማችሁበት ቦታና ፀሐይ ያለችበት አቅጣጫ ነው። እሬት ወይም ሌላ ቱቦ መሰል አበባ ያለበት አጥር ሥር ጠዋት ብትቆሙ ይህን ለማየት ብዙ አትጠብቁም። ሴቷ አመድማ ቡኒ ስለሆነች ብዙ ሰው የሌላ ወፍ ጥንድ አድርጎ ያስባታል።

ቱራኮን ያነሳሁት ለውበቷ ብቻ አይደለም። እሷ ባለችበት ግቢ ውስጥ ፍሬ የሚሰጥ ትልቅ ዛፍ አለ ማለት ነው። የጥድ ፍሬ፣ የዝግባ ፍሬ፣ ሾላ፣ የወይራ ፍሬ ትወዳለች። ፍሬውን ሳትሰብር ትውጠዋለች፤ ሥጋውን አጣጥማ ዘሩን ሌላ ቦታ ትጥለዋለች። አጥር ጥግ ላይ፣ ማንም ሳይተክለው፣ የወይራ ችግኝ በቅሎ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። የተከለችው ወፍ ናት። በዚህ ሥራ ቱራኮ ብቻዋን አይደለችም፤ ፍሬ የሚበሉ ትንንሽ ወፎችም እጃቸው አለበት። ዛፉ ወፏን ይመግባል፣ ወፏ ዛፉን ታበዛለች። ከሁለቱ አንዱን ስታወጡ ሌላው መክሰሙ አይቀርም።

ታዲያ አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያሉ ዛፎች የት ቀሩ? ከሁሉ በላይ በአፀደ ቤተ ክርስቲያን። ዘመናትን የተሻገረ ጥድና ወይራ ቆሞ የምታገኙት እዚያ ነው፤ ቅጥሩ ውስጥ ያለ ዛፍ በክብር ስለሚታይ መጥረቢያ አልነካውም። በየኤምባሲው ሰፋፊ ግቢና በስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ፣ ትልልቅ ዛፎች አሉ። በሰሜን ምዕራብ ዳር ደግሞ 705 ሄክታር የሚሸፍነው የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል አለ። እዚያ ለዓመታት ባሕር ዛፍ የሸፈነውን ተዳፋት ቀስ በቀስ ወደ አገር በቀል ዛፍ እየመለሱት ነው።

ባሕር ዛፍን በተመለከተ ፍርዴ ለዘብ ያለ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከተማዋ ማገዶ አልቆባት ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ማዛወር እስከመታሰብ ተደርሶ ነበር። ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ደርሶ አዳናት። ዛሬም ከፍ ብሎ ስለሚወጣ ጭላትና ጥንብ አንሳ ያድሩበታል፣ ሲያብብ ደግሞ ማር ጠጪዎቹ አይርቁትም። ግን ፍሬው ደረቅ ነው፤ ቱራኮ አትበላውም፣ በቀቀንም አትበላውም። ቅጠሉን የእኛ አገር ነፍሳት ብዙም አይነኩት፤ ነፍሳት ከሌሉ ነፍሳት ለቃሚ ወፍ ምን ልትሠራ ትመጣለች? ከሥሩም ቁጥቋጦ እምብዛም አይበቅልም። ባሕር ዛፍ ብቻ ባለበት ጫካ ውስጥ ስትሄዱ የሚሰማችሁ ዝምታ ከዚህ ይመጣል።

በቀቀን ስል አትደነቁ። አዲስ አበባ የራሷ የዱር በቀቀን አላት። የምትኖረው ኢትዮጵያና ኤርትራ ውስጥ ብቻ ነው። ከ16 እስከ 17 ሳንቲ ሜትር ናት፤ ትንሽ ብትሆንም ከቅርብ ወገኖቿ ከትልልቆቹ አንዷ ናት። አረንጓዴ ናት፣ ምንቃሯ ቀይ ነው፣ ወንዱ ግንባሩም ቀይ ነው። ሹል ድምፅ እያሰሙ ጥቂት ሆነው በፍጥነት ሲያልፉ ትሰሟቸዋላችሁ። የጥድ ፍሬ ከምትወዳቸው ምግቦች አንዱ ነው። ለማደርና ለመፈልፈል ግን ፍሬ ብቻ አይበቃትም፤ የዛፍ ቀዳዳ ያስፈልጋታል። ቀዳዳውን ራሷ አትሠራም። ወይ ግንደ ቆርቁር ቆፍሮ የተወው፣ ወይ ያረጀ ቅርንጫፍ በስብሶ የተቦረቦረ መሆን አለበት። ሴቷ ለጎጆዋ የሚሆነውን ቅጠልና ልጥ በላባዋ መሐል ሰክታ ተሸክማ ትገባለች።

አሁን በየግቢው የሚደረገውን አስቡ። የደረቀ ቅርንጫፍ አስቀያሚ ነው ተብሎ ይቆረጣል፣ ያረጀ ዛፍ አደገኛ ነው ተብሎ ይገነደሳል። መንገድና መኪና ማቆሚያ ላይ ያዘነበለ ቅርንጫፍ መቆረጡ ልክ ነው፤ የሰው ሕይወት ይቀድማል። ግቢው መሐል፣ ማንም ከሥሩ የማያልፍበት ደረቅ ግንድ ግን ማንን ይጎዳል? ግንደ ቆርቁር የሚኖረው እሱ ላይ ነው፤ ግንደ ቆርቁር ሲሄድ ቀዳዳ የሚጠብቁት ሁሉ ቤት ያጣሉ። ዛሬ የተተከለ ችግኝ ቀዳዳ ለማውጣት የሰው ዕድሜ ያህል ጊዜ ይፈልጋል።

ስለ ሣርም እንዲሁ ማለት እችላለሁ። አዳዲሶቹ መናፈሻዎችና የመንገድ ዳር አረንጓዴዎች አብዛኛውን ቦታ ለተከረከመ ሣርና ለዘንባባ ሰጥተዋል። ለዓይን ያምራል፤ ጋጋኖዋም፣ ደረቷ ነጠብጣብ የሆነችው፣ ሣር ላይ የምትለቅመው የኢትዮጵያ ደጋ ወፍም፣ እርግቧም ይጠቀሙበታል። ነገር ግን እንዲህ ያሉት ጥቂት ዓይነት ናቸው። ከ860 በላይ የወፍ ዓይነት የተመዘገበባት አገር ዋና ከተማ ለእነሱ ብቻ ቤት ሠርታ መቆም የለባትም። ሣሩ ዳር ቀጋና አጋም ቢኖር፣ ከበላዩ ብሳናና ወይራ፣ ከዚያ በላይ ዝግባ ቢቆም፣ በዚያው ስፋት ላይ የሚኖረው ወፍ ይበዛል። እሾኻማው ቁጥቋጦም ሌላ ነዋሪ አለው፤ ነጭና ጥቁር የሆነችው፣ ሽቦ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ መሬት መሬት የምታየው ወፍ አንበጣና ጥንዚዛ ይዛ እሾህ ላይ ሰክታ የምታስቀምጠው እዚያ ነው።

ያልታጨደ ሣር ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። የመስቀል ወፍ በዓመት አንዴ ብቅ ብላ ትጠፋለች ብለን አድገናል፤ ብዙ ጊዜ የማይታይ ሰውንም የመስቀል ወፍ ሆንክ እንለዋለን። ወፏ ግን የትም አልሄደችም። የመስቀል ወፍ የምንላቸው፣ ቢጫና ጥቁር ወይም ቀይና ጥቁር ሆነው ሣሩ ላይ የሚጨፍሩት ወንዶቹ ናቸው። ክረምት ሲገባ ላባቸውን ይቀይራሉ፣ ሣሩ ረዝሞ ዘር በሚይዝበት ጊዜ አጊጠው ይወጣሉ። ወንዱ ላባውን ነፍቶ ከሣሩ በላይ በዝግታ እየበረረ ክልሉን ያሳያል፣ ብዙ ሴቶችን ይጋብዛል። ሴቷ ቡናማ ናት፤ ጎጆዋን ረጅም ሣር መሐል ትሠራለች። ወራቱ ሲያልፍ ወንዱ ያንን ሁሉ ጌጥ አራግፎ እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆናል። ከድንቢጥ ጋር ተቀላቅሎ ዘር ሲለቅም በጥር ወር አጠገባችሁ ቢያርፍ አታውቁትም። አንድ ፍንጭ ግን አለ፤ ቢጫው ዓይነት በበጋም ከወገቡ ላይ ቢጫውን አያጠፋም፣ ሲነሳ ፍም ብሎ ይታያል።

ስለዚህ በነሐሴና በመስከረም፣ ለበዓሉ እንዲያምር ብለን ረጅሙን ሣር በሙሉ ስናጭድ፣ የመስቀል ወፍን ጎጆ ከነጫጩቶቹ እያጨድን ሊሆን ይችላል።

መስከረም የእንግዶችም ወር ነው። ኢትዮጵያ በስምጥ ሸለቆና በቀይ ባሕር በኩል የሚያልፈው የወፎች ታላቅ መንገድ ላይ ናት። ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ንስሮች፣ ጭላቶችና ሽመላዎች በየዓመቱ የሚመላለሱበት መንገድ ነው። ከመካከላቸው ከሩሲያና ከካዛክስታን ሜዳዎች የሚነሳው ንስር በበጋ ከተማችን ዳር ድረስ ይመጣል። ትንንሾቹ ይበልጥ ይገርሙኛል። ጭራዋን እያወዛወዘች ሣር ላይ የምትሮጠው ቢጫ ደረት ወፍ ከ20 ግራም ብዙም አትበልጥም፤ በረሃና ባሕር ተሻግራ ነው ኳስ ሜዳችን ላይ የደረሰችው። መጋቢትና ሚያዝያ ሲደርስ መልሳ ትሄዳለች።

ከሁሉም ይልቅ የሚያሳስበኝ ጥንብ አንሳው ነው። አዲስ አበባ ላይ ሰማዩን ቀና ብላችሁ ስታዩ ከጭላቶቹ በላይ ክንፋቸውን ዘርግተው የሚዞሩ ትልልቅ አሞሮች አሉ። ቄራ አካባቢ በብዛት ይታያሉ፤ ረጃጅም ዛፎች ላይ ያድራሉ። ከእነሱ መካከል አነስ ያለችው፣ ፊቷ ሮዝ የሆነችውና ጀርባው ነጭ የሆነው ሌላው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ላይ ለመጥፋት እጅግ የቀረቡ ተብለው ሰፍረዋል። በአፍሪካ ከሁሉ የከፋ ገዳያቸው መርዝ ነው። ለጅብ ወይም ለባዘነ ውሻ የተጣለ የተመረዘ ሥጋ በአንድ ቀን ብዙ ጥንብ አንሳ ይገድላል። እነሱ ደግሞ በዓመት አንድ እንቁላል ብቻ ይጥላሉ፤ የሞተውን ለመተካት ዓመታት ያስፈልጋቸዋል።

ሲጠፉ ምን እንደሚሆን ሕንድ አይታዋለች። ለከብት የሚሰጠው ዲክሎፌናክ የተባለ መድኃኒት በጥንቡ በኩል ኩላሊታቸውን እያበላሸ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥንብ አንሳዎችን ፈጀ። ምክንያቱ የታወቀው በ2004፣ መድኃኒቱ ለከብት እንዳይውል የታገደው በ2006 (እ.ኤ.አ.) ነበር። በመሐሉ ጥንቡን የሚበላ ጠፍቶ የባዘኑ ውሾች በዙ፤ ውሻ ሲበዛ የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋት አብሮ ይመጣል። የእኛ ከተማ እስከ ዛሬ ይህን አገልግሎት ያለ ክፍያ ታገኛለች። ማደሪያ ዛፋቸውን መጠበቅና መርዝ አለመጣል ትልቅ ወጪ የለውም።

ለመጀመር ምንም መግዛት አያስፈልግም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ወፎች ይበላሉ፣ ይዘምራሉ፣ ይታያሉ፤ ፀሐይ ከበረታ በኋላ ብዙዎቹ ጥላ ይገባሉ። አንድ ትልቅ ዛፍ ምረጡና ከሥሩ ራቅ ብላችሁ ሩብ ሰዓት ተቀመጡ። ከቀለሙ በፊት ሥራውን እዩ፤ ፍሬ ይበላል? ቅጠል ሥር ነፍሳት ይፈልጋል? ግንድ ይቆረቁራል? ከዚያ ስሙን መፈለግ ቀላል ነው። መርሊን የሚባለው ነጻ የስልክ መተግበሪያ መልክና ቦታ ስትነግሩት ዕጩዎችን ያቀርብላችኋል፤ ያያችሁትን ኢበርድ ላይ ብትመዘግቡት ደግሞ ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት መረጃ ይሆናል። ከ1966 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የቆየ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር የሚባል ድርጅትም አለን፤ ጥያቄ ያለው ሰው የሚሄድበት ነው።

አንድ ልመና ግን አለኝ። ሐምሌ መጥቶ ችግኝ ልትተክሉ ስትሄዱ፣ የመሥሪያ ቤትም ይሁን የግቢያችሁ፣ የሚሰጣችሁን ዝም ብላችሁ አትቀበሉ። ዝግባ አለ ወይ፣ ወይራ አለ ወይ፣ የአበሻ ጥድ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ ጠያቂ ሲበዛ ችግኝ ጣቢያውም ያፈላል። ሣራችሁንም ስታጭዱ አንዱን ጥግ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ተዉት።